በነፃ የተሰጠንን ለምን በገንዘብ እንገዛለን?

የክፍት ምንጭ ፕሮግራሞችን ስም፣ ምልክትና ባለቤት ለይቶ ስለማወቅ

በዚህ እትም የምናነሣው ጉዳይ ርዕሱን ሲያዩት የኮምፒዩተር አዋቂዎች ብቻ የሚነጋገሩበት ሊመስል ይችላል። ነገሩ ግን የኪሳችን ጉዳይ ነው፤ የልጆቻችን የትምህርት ጉዳይም ነው። ስለዚህ ስልክ ብቻ ያላችሁም፣ ኮምፒዩተር ነክታችሁ የማታውቁም እናቶችና አባቶች ገጹን ሳትገለብጡ እስከ መጨረሻው እንድትከታተሉን በአክብሮት እንጠይቃለን።

እንደሚታወቀው በካምፕ ኑሮ እያንዳንዷ ሽልንግ ሥራ አላት። ለከሰል፣ ለሳሙና፣ ለደብተር፣ ለስልክ ካርድ ትከፋፈላለች። አንድ ቤተሰብ ለዓመታት ቆጥቦ፣ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ ረድቶት፣ ለልጁ ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዛ ቀላል ነገር አይደለም። ታዲያ ላፕቶፑ ከተገዛ በኋላ ሌላ ወጪ ይመጣል። ‹‹ፕሮግራም ይጫንበት›› ይባላል። የጽሑፍ መጻፊያው ይህን ያህል፣ የፊልም ማጫወቻው ይህን ያህል፣ የኢንተርኔት መክፈቻው ይህን ያህል እየተባለ ሒሳቡ ይደመራል።

እኛ መምህራን ይህን ጥያቄ ይዘው የሚመጡ ወላጆች ያጋጥሙናል። አንድ አባት የልጃቸውን ላፕቶፕ በከረጢት ይዘው መጥተው እንዲህ አሉን፦ ‹‹መምህር፣ የጽሑፍ መጻፊያውን ፈቃድ ግዛ ተብዬ ስምንት መቶ ሽልንግ ከፈልኩ። ልጄ ደግሞ በነፃ የሚሰጥ ነው ይለኛል። የቱ ነው እውነቱ?›› ስንከፍተው ሊብሬ ኦፊስ ሆኖ አገኘነው። ‹‹አባባ፣ ለዚህ ፕሮግራም የፈቃድ ክፍያ የሚባል ነገር የለም›› አልናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ‹‹ታዲያ ስሙን ማን ነገረኝ?›› አሉ።

ጥያቄያቸው ትክክል ነው። የተጫነላቸውን ነገር ስሙን፣ ሥራውንና የማን እንደሆነ የነገራቸው ሰው አልነበረም። የዛሬው ጽሑፋችንም ስለዚሁ ነው።

‹‹ነፃ›› ስንል ምን ማለታችን ነው?

ማንኛውም የኮምፒዩተርም ሆነ የስልክ ፕሮግራም በውስጡ ሰው የጻፈው መመሪያ አለው። ይህ መመሪያ ምንጭ ኮድ ይባላል። የዶሮ ወጥ አሠራር እንደማለት ነው፤ ሽንኩርቱ ስንት፣ በርበሬው ስንት፣ መቼ ይቁላላል፣ ቅመሙ መቼ ይገባል የሚለው። አንዳንድ ድርጅቶች ወጡን ይሸጣሉ፤ አሠራሩን ግን አይሰጡም። ማይክሮሶፍት ዎርድ እንዲህ ያለ ነው። ሌሎች ደግሞ አሠራሩን ለማንም ይሰጣሉ፤ አይታችሁ ሥሩት፣ ቅመም ጨምሩበት፣ ለጎረቤት አካፍሉ ይላሉ። ክፍት ምንጭ፣ በእንግሊዝኛ አጠራሩም ኦፕን ሶርስ የሚባለው ይህ ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ ጂኤንዩ የሚባለውን ሥራ አስታወቀ፤ ከዚያ ወዲህ የእሱ ወገኖች ፕሮግራሞቻቸውን ‹‹ፍሪ ሶፍትዌር›› ይሏቸው ጀመር። ‹‹ፍሪ›› የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ግን ሁለት ትርጉም አለው። የእኛም ቋንቋ በዚህ ይመስለዋል። ‹‹ነፃ ሕክምና›› ስንል ክፍያ የለውም ማለታችን ነው፤ ‹‹ነፃ ሰው›› ስንል ደግሞ ጌታ የለበትም ማለታችን ነው። ስቶልማን የፈለገው ሁለተኛውን ነው፤ ብዙ ሰው የሰማው ግን የመጀመሪያውን ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1998 ክሪስቲን ፒተርሰን የተባለች ሴት ‹‹ኦፕን ሶርስ›› የሚለውን ስም አቀረበች፤ ያ ስም ተወዶ ቀረ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በዚህ ሥራ ውስጥ የስም ችግር ከጥንቱም ነበረ።

እዚህ ላይ ለሞባይል ቤት ባለሙያዎቻችን ፍትሕ እናድርግ። አንድ ሰው ክፍት ምንጭ ፕሮግራምን በፍላሽ ገልብጦ ለድካሙ ቢያስከፍል ጥፋት አይደለም። የፕሮግራሞቹ ፈቃዶች ራሳቸው ይህን ይፈቅዳሉ። የራሱን ዳታ አውጥቶ፣ ጊዜውን ሰጥቶ ለጫነ ሰው መክፈል አግባብ ነው። የድካም ዋጋ ሌላ፣ የፈቃድ ዋጋ ሌላ። ‹‹ስለጫንኩልዎት መቶ ሽልንግ ይስጡኝ›› የሚል ወጣት ላቡን ነው የሚጠይቀው። ‹‹የሊብሬ ኦፊስ ፈቃድ ነው፣ በየዓመቱ ይታደሳል›› የሚል ግን የሌለ ዕቃ ሸጠ።

ሙያው የሁሉ፣ ታፔላው የባለቤቱ

ብዙዎቻችን የማናስተውለው አንድ ነገር አለ። የፕሮግራሙ አሠራር ለሁሉ ክፍት ቢሆንም ስሙና ምልክቱ ለሁሉ ክፍት አይደሉም። ወደ ዶሮ ወጡ እንመለስ። በገበያችን አንዲት ባለሙያ ሴት ጥሩ ወጥ ሠርታ ስሟ ቢጠራና ሙያዋን ለሰፈሩ ሴቶች ብታስተምር፣ የተማሩት ሁሉ መሥራት ይችላሉ። የእሷን ታፔላ በራሳቸው በር ላይ ይስቀሉ ቢባል ግን እሺ አትልም። በላተኛው ታፔላውን አይቶ የሚገባው የእሷን እጅ ብሎ ነዋ! የንግድ ምልክት የሚባለውም ይኸው ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የፋየርፎክስ ታሪክ ነው። ፋየርፎክስ ኢንተርኔት መክፈቻ ሲሆን የሚሠራው ሞዚላ በሚባል ድርጅት ነው። ኮዱ ክፍት ነው። ዴቢያን የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች ደግሞ የራሳቸውን የኮምፒዩተር ሥርዓት ሲያዘጋጁ ፋየርፎክስን እያስተካከሉ ያካትቱት ነበር። አርማው እንደ ኮዱ ክፍት ፈቃድ ስላልነበረው ግን ስሙን ብቻ ወስደው አርማውን ተዉት። እ.ኤ.አ. በ2006 ሞዚላ ስሙን የሚጠቀም አርማውንም አብሮ መጠቀም እንዳለበት፣ የሚደረገውም ለውጥ በእሱ መታየት እንዳለበት አስታወቀ። ዴቢያኖች በዚህ አልተስማሙም። ስሙን ትተው ‹‹አይስዊዝል›› የሚል ስም አወጡለት፤ እሳቱን በበረዶ፣ ቀበሮውን በሌላ ትንሽ አውሬ ተክተው ማለት ነው። ውስጡ ከሞላ ጎደል ያው ፕሮግራም ነበር። ነገሩ አሥር ዓመት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ስምምነት ተደርሶ ፋየርፎክስ በስሙ ወደ ዴቢያን ተመለሰ።

ማን ትክክል ነበር ብትሉን ሁለቱም ምክንያት ነበራቸው። ሞዚላ ስሙን ባይጠብቅ ኖሮ ማንም ተነሥቶ ሰላይ ነገር ከትቶበት ‹‹ፋየርፎክስ ነው›› እያለ ሊያድለው ይችላል። ዴቢያኖችም የማስተካከል መብታቸውን ማስነካት አልፈለጉም። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንደሚባለው፣ መሐል ላይ ቀበሮውን ፈልጎ ያጣው ግን ተራው ተጠቃሚ ነበር።

ስምን መልአክ ያወጣዋልን?

አበው ‹‹ስምን መልአክ ያወጣዋል›› ይላሉ። የፕሮግራም ስም ግን ብዙውን ጊዜ በክርክርና በአጋጣሚ ነው የሚወጣው። ፋየርፎክስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲወለድ ስሙ ፊኒክስ ነበር። በዚያ ስም የሚጠራ ሌላ ኩባንያ ስለነበረ ተቀየረ። በ2003 ፋየርበርድ ተባለ፤ ያም የሌላ ክፍት ምንጭ ፕሮግራም ስም ሆኖ ተገኘ። በ2004 ዓመቱ መጀመሪያ ላይ ፋየርፎክስ ተብሎ ጸና። ቃሉ በእንግሊዝኛ ቀይ ፓንዳ ለሚባለው የእስያ እንስሳ የሚሰጥ መጠሪያ ነው። አርማው ላይ ግን ሁላችንም የምናየው ዓለምን የተጠመጠመ ቀበሮ ነው። ተማሪዎቻችንም ‹‹ቀበሮዋን ክፈት›› ነው የሚባባሉት።

ቪኤልሲ የሚባለውን የፊልምና የመዝሙር ማጫወቻ የማያውቅ ወጣት አይኖርም። ምልክቱ መንገድ ሲጠገን አስፋልት ላይ የሚቆመው ብርቱካናማና ነጭ ሾጣጣ ነው። ይህ ከፊልም ጋር ምን አገናኘው? መልሱ ቀላል ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1996 በፈረንሣይ ኤኮል ሳንትራል ፓሪ በተባለ ከፍተኛ ትምህርት ቤት በተማሪዎች ተጀመረ፤ የዚያ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ማኅበር እንዲህ ያሉ የመንገድ ሾጣጣዎችን ይሰበስብ ነበርና ምልክቱ ከዚያ መጣ። ኮዱ በ2001 ክፍት ሆነ። ዛሬ የሚያስተዳድረው ቪዲዮላን የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ነው።

በየዓመቱ በፈረንጆች ገና ሰሞን ደግሞ ሾጣጣው ቀይ የገና ባርኔጣ ያደርጋል። ለሠሪዎቹ የበዓል ጨዋታ ነው። ነገሩን ለማያውቅ ሰው ግን ‹‹ኧረ ቫይረስ ገባበት!›› የሚያሰኝ ነው። ባርኔጣው በዓሉ ሲያልፍ በራሱ ይወልቃል። ስለዚህ አትደንግጡ፤ ‹‹ላጽዳላችሁ›› ለሚልም ገንዘብ አትስጡ።

በምልክት የሚደናገረው የካምፕ ሰው ብቻ ነው ብላችሁም አታስቡ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሞዚላ ‹‹ፋየርፎክስ›› የሚለውን ስም ለበርካታ አገልግሎቶቹ የጋራ መጠሪያ አድርጎ ቀበሮ የሌለበት አንድ የቤተሰብ አርማ አወጣ። የኢንተርኔት መክፈቻው አርማ ላይ ቀበሮው እንዳለ ነበር። ሆኖም በየአገሩ ብዙ ሰው ‹‹ቀበሮው ጠፋ›› ብሎ አዘነ፣ ቀለደም። በ2021 ድርጅቱ ቀበሮው የትም እንዳልሄደ በጽሑፍ ማስረዳት ግድ ሆነበት። ኢንተርኔት በቤታቸው ያላቸው፣ ቋንቋውንም የሚያውቁ ሰዎች እንዲህ ከሆኑ የእኛ መደናገር አያሳፍርም።

ሁለት ወንድማማቾች

አሁን ከቤታችን ኪስ ጋር በቀጥታ ወደሚገናኘው እንምጣ። ኦፕን ኦፊስና ሊብሬ ኦፊስ የሚባሉ ሁለት የቢሮ ፕሮግራሞች አሉ። ሁለቱም ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ሠንጠረዥ ይሠራሉ። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ታዲያ የቱን እንጫን?

ታሪኩ እንዲህ ነው። በጀርመን አገር የተሠራ ስታር ኦፊስ የሚባል ፕሮግራም ነበረ። ሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 ገዛውና በ2000 ኮዱን ለሁሉ ከፈተ፤ ስሙም ኦፕን ኦፊስ ሆነ። በ2010 ሰንን ኦራክል የሚባል ሌላ ትልቅ ኩባንያ ገዛው። ይሠሩበት ከነበሩት ብዙዎቹ ስጋት ገባቸው። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ኮዱን ይዘው ወጥተው ዶኩመንት ፋውንዴሽን የሚባል የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ይዘውት መውጣት ቻሉ። ታፔላው ግን የኩባንያው ነበርና ጥለውት ወጡ። አዲስ ስም አወጡ፤ ሊብሬ ኦፊስ። ‹‹ሊብሬ›› በፈረንሣይኛና በስፓኒሽ ነፃነት ያለው ማለት ነው። ኦራክልም በ2011 ኦፕን ኦፊስን አፓቼ ለሚባል ድርጅት አስረከበ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ወንድማማቾች እኩል አላደጉም። ሊብሬ ኦፊስ በዓመት ሁለት ጊዜ አዲስ ዋና እትም ያወጣል። ኦፕን ኦፊስ በ2014 ቁጥር 4.1 የተባለውን ካወጣ በኋላ የወጡለት ጥገናዎች ናቸው። ስሙ ግን በሰው ጆሮ ውስጥ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኦፕን ኦፊስ 20ኛ ዓመቱን ሲይዝ የሊብሬ ኦፊስ ሰዎች ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ ተጠቃሚዎች ሌላ የታደሰ ፕሮግራም መኖሩን እንዲነገራቸው ጠየቁ። ሰው የሚያውቀው ስም አንድ ቤት፣ ሥራው ሌላ ቤት ሆኖ መቅረቱን ከዚህ መረዳት ይቻላል። አሮጌ ሲዲ ወይም ፍላሽ ላይ ኦፕን ኦፊስ ያላችሁ ሰዎች፣ ዕድሉን ስታገኙ ሊብሬ ኦፊስን ጫኑ። የቆዩ ጽሑፎቻችሁን ይከፍትላችኋል።

በዚያው በ2020 ሌላ ነገር ሆነ። ሊብሬ ኦፊስ 7.0 ሲዘጋጅ በሙከራ እትሙ ላይ ‹‹ፐርሰናል ኤዲሽን››፣ ማለትም የግል እትም የሚል ጽሑፍ ታየ። አዘጋጆቹ የፈለጉት ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ድጋፍ ከሚሰጡ ድርጅቶች ገዝተው እንዲጠቀሙ ለማመልከት ነበር። ሰው ግን ተጨነቀ። ትምህርት ቤት ሊጠቀምበት አይችልም ማለት ነው? ነገ ክፍያ ሊመጣ ነው? ተቃውሞው ስለበዛ ጽሑፉ ተነሣ። በ2021 በወጣው 7.1 ላይ ‹‹ኮሚዩኒቲ››፣ የማኅበረሰብ የሚለው ቃል ገባ። ሁለት ቃላት እንኳ ምን ያህል ሰው እንደሚያስደነግጡ አያችሁ?

ስለዚህ በግልጽ እንናገር። ሊብሬ ኦፊስን በቤት፣ በትምህርት ቤት፣ በሱቅ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በማኅበር ጽሕፈት ቤት መጠቀም ይቻላል። ስንት ኮምፒዩተር ላይ ይጫን የሚል ገደብ የለውም። አንድ ነገር ብቻ እንጨምር፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ዶኩመንት ፋውንዴሽን ራሱ በአፕል መደብር ውስጥ በአነስተኛ ክፍያ ያቀርበዋል። ከድርጅቱ ከራሱ ድረ ገጽ ለሚያወርድ ግን ለአፕል ኮምፒዩተርም ቢሆን ያለ ክፍያ ነው። አንዱ ቤት ሁለት በር አለው ማለት ነው።

ስም ከነሙያው፣ ከነቤቱ

መፍትሔው ምንድን ነው? አንዳንዶች እንግዳ ስሞችን ትቶ ሥራቸውን ብቻ መጻፍ ይበቃል ይላሉ። ይህም ተሞክሯል። ለሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ገጽታ የሚሠራው ግኖም የሚባለው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2012 ኤፒፋኒ ይባል የነበረውን ኢንተርኔት መክፈቻ ‹‹ዌብ››፣ ኖቲለስ ይባል የነበረውን የፋይል ማያ ‹‹ፋይልስ›› አለው። ለጀማሪ ቀለለ፤ እሰየው። ይሁን እንጂ ሰውየው ችግር ገጥሞት ‹‹ዌብ አልሠራ አለኝ›› ብሎ እርዳታ ቢፈልግ የትኛው ዌብ ይባላል? ስም የሌለውን ነገር ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

በካምፓችን ሰው እንዴት እንደምንፈልግ አስቡት። ‹‹አበበ›› ብትሉ አሥር አበበ ብቅ ይላል። ‹‹አናጢው›› ብትሉም አናጢ ሞልቷል። ‹‹አበበ አናጢው፣ ከውኃ ቧንቧው ጀርባ ያለው›› ስትሉ ግን ሕፃን ልጅ እንኳ እጃችሁን ይዞ ያደርሳችኋል። ስም፣ ሙያ፣ ቤት። ለፕሮግራምም የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

እኛም በኮምፒዩተር ክፍላችን ወረቀት ቆርጠን በየኮምፒዩተሩ ጎን በአማርኛ እንዲህ ብለን ለጥፈናል፦

ሊብሬ ኦፊስ ራይተር፦ ጽሑፍና ደብዳቤ መጻፊያ፤ የዶኩመንት ፋውንዴሽን፤ የፈቃድ ክፍያ የለውም።

ሊብሬ ኦፊስ ካልክ፦ ሠንጠረዥና ሒሳብ መሥሪያ፤ የዚያው ቤት።

ፋየርፎክስ፦ ኢንተርኔት መክፈቻ፤ የሞዚላ፤ የፈቃድ ክፍያ የለውም።

ቪኤልሲ፦ ፊልምና ድምፅ ማጫወቻ፤ የቪዲዮላን፤ የፈቃድ ክፍያ የለውም።

ኡቡንቱ፦ በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒዩተሩን የሚያስነሣና የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት፤ የካኖኒካል፤ የፈቃድ ክፍያ የለውም።

ኡቡንቱ የሚለው ስም የመጣው ከደቡባዊ አፍሪካ ቋንቋዎች ነው፤ ትርጉሙም ሰው ለሰው መሆንን፣ ሰብዓዊነትን የሚገልጽ ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ የጀመረው ሲሆን የመጀመሪያው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2004 ነው። ቁጥሩ 4.10 መባሉም ለዚህ ነው፤ ዓመቱና ወሩ ነው። ቁጥሩን አይቶ የስንት ዓመት ዕድሜ እንዳለው ማወቅ ይቻላል። ሊብሬ ኦፊስም ከ2024 ጀምሮ ይህንኑ አቆጣጠር ይዟል፤ 24.2 ማለት የ2024 ሁለተኛ ወር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ግልጽ ነገር ሲሠሩ ደግሞ ማመስገን ይገባል።

ለተማሪዎች አንድ ምክር አለን። ራይተር ዎርድ አይደለም፤ የዎርድን ሥራ ይሠራል። ጽሑፋችሁን እንዲሁ ብታስቀምጡት በራሱ ዓይነት ነው የሚያስቀምጠው፤ በሌላ ቦታ ያለ ኮምፒዩተር በደንብ ላይከፍተው ይችላል። ለሥራ ወይም ለስኮላርሺፕ ማመልከቻ ስትጽፉ ሲያስቀምጥ የፋይሉን ዓይነት እንዲጠይቃችሁ አድርጉና የዎርድ ዓይነት ምረጡ፤ ወይም ፒዲኤፍ አድርጉት። በቀነ ገደቡ የመጨረሻ ቀን ‹‹ፋይልህ አልከፈትም አለ›› ከመባል ያድናችኋል።

ተመሳሳይ ምልክት፣ የሌላ ሰው እጅ

የስም ነገር ከገንዘብም አልፎ አደጋ የሚያመጣበት ጊዜ አለ። በየስልኩ ‹‹ጂቢ ዋትሳፕ›› የሚባል ነገር ከሰው ሰው ይተላለፋል። አረንጓዴ ምልክቱ ዋትሳፕን ይመስላል። አንዳንድ ወጣቶች ‹‹ክፍት ምንጭ ስለሆነ አሻሽለውት ነው›› ሲሉ እንሰማለን። ይህ ስሕተት ነው። የዋትሳፕ ፕሮግራም ክፍት ምንጭ አይደለም፤ ይለውጠው ዘንድ ባለቤቱ ለማንም አልፈቀደም። ኩባንያው ይህን የሚጠቀሙ ሰዎችን አካውንት ለጊዜው እንደሚያግድ አስታውቋል፤ ሊዘጋውም ይችላል። ውጭ ካለ ልጃችሁ ወይም ወንድማችሁ ጋር የምትገናኙበት ብቸኛ መንገድ በዚህ ቢቋረጥ ጉዳቱ ትልቅ ነው። ከዚያም በላይ መልእክታችሁ በማን እጅ እንደሚያልፍ አታውቁም።

የተሰበረ ዎርድም ያው ነው። ‹‹ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል›› በሚል ሒሳብ ብዙ ሰው ስሙን የሰማውን ዎርድ ያለ ፈቃድ አስጭኖ ይኖራል። መስበሪያው ፕሮግራም ቫይረስ ይዞ ሊገባ ይችላል። አጠገቡ ግን ማንንም ሳይፈራ የሚጠቀምበት የተፈቀደ ፕሮግራም ነበረለት። ስሙን ስለማያውቅ ብቻ አለፈው።

ከመክፈላችን በፊት አራት ጥያቄዎች

ባለሙያ ፊት ስትቀመጡ እነዚህን በትሕትና ጠይቁ፦

አንደኛ፣ ስሙ ማነው? ‹‹ኦፊስ ነው›› በቂ አይደለም። የትኛው ኦፊስ? ሙሉ ስሙን በወረቀት ያስጽፉ።

ሁለተኛ፣ ሥራው ምንድን ነው? በአማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገራችሁ።

ሦስተኛ፣ የማን ነው፣ ከየትስ ወረደ? ሊብሬ ኦፊስ ከራሱ ከሊብሬ ኦፊስ፣ ቪኤልሲ ከቪዲዮላን፣ ፋየርፎክስ ከሞዚላ ድረ ገጽ ነው የሚወርደው። በስልክ ደግሞ ፕሌይ ስቶር ላይ ከምልክቱ ሥር የሠሪው ስም ይጻፋል፤ ቪኤልሲ ከሆነ ‹‹ቪዲዮላብስ›› የሚል ነው። ምልክቱን ማንም መኮረጅ ይችላልና ዓይናችሁ ሠሪው ስም ላይ ይረፍ።

አራተኛ፣ የምከፍለው ለምንድን ነው? ለድካም ከሆነ ተስማምታችሁ ክፈሉ። ለፈቃድ ከሆነ ከላይ ከዘረዘርናቸው ለአንዱም የሚከፈል ፈቃድ የለም።

የድረ ገጾቹን አድራሻ በእንግሊዝኛ ፊደል በትልቁ ጽፈን በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፈነዋል። ስልክ ያላችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ውሰዱ። ማንበብ ለሚቸግራቸው እናቶችና አባቶች ልጆቻቸው ያንብቡላቸው።

በመጨረሻም ቃላችን በሞባይል ቤት ለምትሠሩ ወጣቶች ነው። አንዳንዶቻችሁ ተማሪዎቻችን ነበራችሁ፤ ሙያችሁንም እናከብራለን። የጫናችሁትን ፕሮግራም ስም፣ ሥራና ባለቤት በብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ ለደንበኛ ስጡ፤ ከሥሩም ‹‹የጭነት ዋጋ›› ብላችሁ የተቀበላችሁትን አስፍሩ። ወረቀቷ አንድ ሳንቲም አታስከፍልም። ደንበኛው ነገ ችግር ሲገጥመው ይዟት ይመጣል፤ ጎረቤቱንም ይዞ ይመጣል። በዚህች ጠባብ ገበያ ውስጥ የእናንተም ስም ታፔላችሁ ነው።